በሆራው ዳር ያለው ቄጠማ

ሙያዬ አረም ማጥፋት ነው። ወረቀት ላይ «የሰብል ጥበቃ ባለሙያ» ይባላል፤ የቆቦ አካባቢ ገበሬ ግን ከሩቅ ሲያየኝ «አረሟ መጣች» ነው የሚለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሮቢት እስከ ዋጃ ማሽላ ማሳ ዳር እየቆምኩ አንድ ነገር ብቻ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ንቀሉ። አቀንጭራውን ንቀሉ፣ እንግጫውን ንቀሉ፤ ስትነቅሉ ደግሞ ከሥሩ ይሁን፤ አፈር ውስጥ የተደበቀችውን እንክብል ሥር ካላወጣችኋት አንዱ አሥር ሆኖ ይመለሳል። ድምፄ የሻከረው በዚህ ነው። አንድን ሣር ከመነቀል ለማዳን በቆላ ፀሐይ የሚንከራተት ሰው አለ ቢሉኝ ሥራ ፈት ነው እል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የደረቁ ዕፅዋት ተሰብስበው በሚቀመጡበት አንድ ቦታ የምትሠራ ተመራማሪ ለመሥሪያ ቤታችን ጻፈች። መደርደሪያቸው ውስጥ እኔ ሳልወለድ ከራያ ቆላ የተሰበሰበ አንድ የቄጠማ ዓይነት አለ። የዚህ ቄጠማ ወገኖች የሚበቅሉት ባሕር ዳርቻ፣ ጨው ባለበት ረግረግ ነው። ይኼኛው ከባሕር ርቆ ተራራ ሥር ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ ወዲህም ያየው የለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከቆቦ በስተሰሜን፣ ጨዋማ ምንጭ ዳር» የሚል ብቻ ነው። አሁንም ካለ ናሙና እንዲላክላትና ቦታው እንዲመዘገብ ትጠይቃለች።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ገረፍ አድርገው አዩት። ሣር የሚል ቃል አገኙ፤ ሣር ማለት አረም ነው፤ አረም ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ኅዳጉ ላይ ወደ እኔ መሩና «አስፈላጊው እርምጃ ተወስዶ ሪፖርት ይቅረብ» ብለው ፈረሙበት። በእኛ ክፍል እርምጃ የሚባለው ምን እንደሆነ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል።

ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከመሳቢያው ያስወጣኝ ለሳይንስ ያለኝ ፍቅር ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱ ግን «ባሕር ዳርቻ» የሚለው ቃል ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። ከአገሬ ሰውም ያየው ጥቂት ነው። ዋጃ አጠገብ ተቀምጦ የባሕር ዘመድ ነኝ የሚል ሣር ካለ ቢያንስ መልኩን ልየው አልኩ።

ጨዋማ ምንጩን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ከዋጃ ሳይደርሱ ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ቦታ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሆራ ይሉታል፤ ከብት ጨው ሲያምረው የሚጠጣው ውኃ ማለት ነው። ከሚኒባስ ወርጄ በማሽላው መሐል ሄድኩ። ምንጩ ከትንሽ ጉብታ ሥር ይወጣና ወደ ታች ሲፈስ ጭቃማ ረግረግ ይሠራል። ዳር ዳሩ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት አለ። በዚያ ጭቃ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቀጭን፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቄጠማ ቆሟል። እውነቱን ልናገር፣ ምንም አያምርም።

ጎንበስ ብዬ ስለቅም የቦታው ባለቤት መጡ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማሳቸውንም ከብቶቻቸውንም ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«ሣር ልመዘግብ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ሰዉ ተመዝግቦ አለቀ?»

አዲስ አበባ ያለች ተመራማሪ እንደጠየቀችን፣ ሣሩ ብርቅ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኋቸው። ሴትየዋ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሣሩ ሲመዘገብ መሬቱም አብሮ ይመዘገባል?»

«መሬቱማ ድሮ ተመዝግቧል። ደብተር አለዎት አይደል?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። አንዴ የተመዘገበ ነገር ለምን ሁለተኛ ይመዘገባል?»

ሴትየዋ ትኩር ብለው አዩኝና ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «አንቺ አረሟ አይደለሽም? አምና ማሠልጠኛው ግቢ እንግጫ ንቀሉ ያልሽን?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ትምህርቴን የሚያስታውስ ገበሬ ማግኘቴ ደስ አለኝ። አንድ እፍኝ ቄጠማ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ረግረጉን እንደገና ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ተሰናብቻቸው ሄድኩ።

ችግሩ የተጀመረው ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው። እነዚህ የቄጠማ ዘሮች በዓይን አይለዩም። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁሉም ቀጭን ናቸው። ተመራማሪዋ በስልክ እንዳስረዳችኝ ልዩነቱ ያለው እራሳቸው፣ ማለትም ፍሬ የሚይዘው አናታቸው ላይ ነው። ከእያንዳንዷ ትንሽ ፍሬ ጫፍ ከፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል። ክሩ ጫፉ ላይ ለሁለት ከተከፈለ የምንፈልገው ነው፤ ለሦስት ከተከፈለ ሌላ ተራ እንግጫ ነው። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ሳጥኑ ግን ስለተረፈ በንብረት መዝገባችን ላይ እስካሁን «ማይክሮስኮፕ፣ ከነሳጥኑ» ተብሎ ይነበባል።

ሰዓት ሠሪው ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። መናኸሪያው አጠገብ አንድ በር ያላት ሱቅ አለቻቸው። ሰዓት የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ የስልክ ሽፋንና ባትሪ ይሸጣሉ፤ ግን ያች ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት ትንሽ ጥቁር አጉሊ መነጽር ሁሌም ጠረጴዛቸው ላይ አለች። ለአንድ ሰዓት እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው።

«መነጽሯ ከእኔ ዓይን ሌላ አታውቅም» አሉኝ። «አምጪው፣ እኔ ልይልሽ።»

ፖስታውን ሰጠኋቸው። ሁለት ከሆነ የምንፈልገው፣ ሦስት ከሆነ ተራ እንደሆነ ነገርኳቸው። የምንፈልገውን አስቀድሜ መንገር እንዳልነበረብኝ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ሰዓት ሠሪው አንዷን እራስ በወረንጦ ይዘው መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ።

«ሦስት» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሦስት ነው።»

«እስቲ ሌላውን ይዩት።»

«ይኼም ሦስት።»

አንድ ሣር ተራ እንግጫ ሆነ ተብሎ የሚከፋው የአረም ባለሙያ አይቼ አላውቅም፤ ግን ከፋኝ። ሦስተኛውም ሦስት፣ አራተኛውም ሦስት ሆነ። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና ሰኩ።

«ይኼኛው ሁለት።»

«ለእኔ ብለው እንዳይሆን።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሰው ደስ ይበለው ብዬ ስድስት ሰዓትን አምስት ነው ብዬ አላውቅም። አብሽሪ። ሁለት ዓይነት ሣር ነው ያደባለቅሽው።»

እንክርዳድን ከስንዴ እንዲለይ ገበሬ የማሠለጥን ሰው፣ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሣር አደባልቄ ሰዓት ሠሪ ለየልኝ። ፊቴ ሞቀ። ሰዓት ሠሪው አላፌዙም፤ ባለ ሁለቱን በአንድ በኩል፣ ባለ ሦስቱን በሌላ በኩል እየለዩ ደረደሩ። ሊጨርሱ ሲሉ ለሶላት ተነሡ፤ «ማንም እንዳይነካው» ብለውኝ ሄዱ። ስልክ ሽፋን ሊገዛ የመጣ ሰው እኔን ባለሱቅ አድርጎ ሲጠይቀኝ የተደረደረ ሣር ጠባቂ እንደሆንኩ ነገርኩት። ጥሎኝ ወጣ።

ተመራማሪዋ የላክሁላትን ፎቶ አይታ ተስፋ አለው አለች፤ ነገር ግን ክሩ ብቻ አይበቃም፤ የበሰለ ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬዋ ዝርግ ከሆነች ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነች አይደለም። ፍሬው እስኪበስል አንድ ወር ያህል ጠብቂ አለችኝ።

በዚያ ወር ውስጥ ሰዓት ሠሪው በሱቃቸው ባለፍኩ ቁጥር «በሰለ?» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ «መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ።

«እርስዎም ይሄዳሉ እንዴ?»

«ፍሬውን ማን ሊያይልሽ ነው?»

ሱቃቸውን ዘግተው፣ በሩ ላይ «ዛሬ የለሁም» የሚል ካርቶን ሰቅለው፣ ኮት ለብሰው መጡ። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጡ ሠርግ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። መንገዱ ላይ፣ ከባሕር የመጣ ሣር ከሆነ በምን መጣ ሲሉ ጠየቁኝ። በወፍ እግር ይሆናል ይባላል አልኳቸው። «ወፏ ራያን መርጣ ማረፏ ክፉ አይደለም» አሉ።

ሴትየዋ ከሩቅ ሲያዩን እየሳቁ መጡ። ባለፈው እንዲህ አልነበሩም።

«ጨርሼልሻለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አረሙን ነዋ። ባለፈው መጥተሽ ጎንበስ ብለሽ ስታዪው ቆየሽ፤ ልመዝግብ ያልሽኝም እንዳላፍር ብለሽ መሰለኝ። አፈርኩ። ያሠለጠነችኝ ሴት መጥታ ቦታዬን አረም ወርሶት አየች፤ ደግነቷ ነው ያልተቆጣችኝ አልኩ። ባለፈው ሳምንት ጀምሬ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

በእጃቸው ወደ ጉብታው አመለከቱኝ። እዚያ፣ ፀሐይ ላይ፣ የወገብ ቁመት ያለው የደረቀ ቄጠማ ክምር ቆሟል። ረግረጉ ተላጭቷል። ጥቁር ጭቃና የከብት ኮቴ ብቻ ነው የሚታየው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት ስናገር አንድ ሰው እንኳ በሙሉ ልቡ የሰማኝ አይመስለኝም ነበር። አቀንጭራውን ንቀሉ ስል ነገ ይሉኛል፤ እንግጫውን ስል ጉልበት የለንም ይሉኛል። የሰሙኝ እኚህ ሴት ብቻ ናቸው፤ የሰሙኝም በዚህ ቦታ ነው። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ራሴን ካልሆነ ማንን እቆጣለሁ?

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ሴትየዋ፣ ፊቴን አይተው።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ እትዬ። ይኼ ነው እኮ ልንመዘግበው የመጣነው።»

«አረሙን?»

«አዎ።»

«ታዲያ አምና ንቀሉት አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

ሴትየዋ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሩ፤ ከእኔ የተሻለ ማብራሪያ ከእሳቸው እንደሚያገኙ ተስፋ ያደረጉ ይመስላል። ሰዓት ሠሪው ግን አልሰሟቸውም። ኮታቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ እራስ እራሱን መፈተሽ ጀምረዋል። ሄጄ አገዝኳቸው። ትንሽ ቆይተው ሴትየዋም ምን እየፈለግን እንደሆነ ሳይገባቸው አጠገባችን ተቀመጡና ይለቅሙ ጀመር። የእሳቸው እጅ ከሁላችንም ፈጣን ነበር።

ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ሰዓት ሠሪው መዳፋቸው ላይ አንዲት ቡናማ ነገር አስቀምጠው መነጽራቸውን ሰኩ። ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ ፍሬ ነበረች።

«ዝርግ ናት» አሉ። «ምስር ትመስላለች። ሦስት ማዕዘን የሚባል ነገር የላትም።»

ያ ነው እንግዲህ። ሣሩ ያው የተባለው ሣር ነው፤ አለ፤ ማለትም ነበረ። ቅጹን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «የተገኘበት ቀን» የሚል ቦታ አለው፤ «የጠፋበት ቀን» የሚል የለውም፤ ቢኖረው በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለቱንም እሞላ ነበር፤ «ያጠፋው» የሚለው ላይም የማን ስም እንደሚገባ አውቃለሁ።

ለቅጹ የጭቃውን ጥልቀት መለካት ስለነበረብኝ ጫማዬን አውልቄ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። እግሬን አንድ ነገር ወጋኝ። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ጠረግ ሳደርገው የመርፌ ጫፍ የሚያክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። አጠገቡም ሌላ አለ። ወደ ምንጩ ስጠጋ ብዙ ነው፤ ጭቃውን እየወጋ እየወጣ ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «ሲነቅሉት ከሥሩ አልነበረም እንዴ?»

ሴትየዋ እንደተያዘ ተማሪ ወደ መሬት አዩ። «ጭቃው ያሰምጣል። አንቺ እንዳልሽው እያንዳንዱን ሥር ላውጣ ብልማ ወር አይበቃኝም። ላይ ላዩን ነው ያነሣሁት» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ተቆጣሽ?» አሉኝ።

«አልተቆጣሁም። በጣም ጥሩ አድርገዋል።»

ያሾፍኩባቸው መሰላቸው። ሰዓት ሠሪው እስኪምሉላቸው ድረስ አላመኑኝም። በሥራ ዘመኔ ሙሉ ትምህርቴ በግማሽ ስለተሰማ ደስ ያለኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከእንግዲህ ምን ላድርግ ሲሉ ጠየቁኝ። ምንም እንዳያደርጉ ነገርኳቸው። ከብቶቹም እንደወትሮው ይጠጡ፤ ኮቴያቸው ረዣዥሙን ሣር ስለሚያሳሳው ለዚህ ለትንሹ ይጠቅመዋል፤ ብቻ አይነቀል።

«ምንም?»

«ምንም።»

«መንግሥት ምንም አታድርጊ ብሎ ሰው ይልካል?» አሉ።

ቅጹ ላይ የአካባቢ መጠሪያ የሚል ቦታ ስለነበር ስሙን ጠየቅኳቸው። ስም የለውም አሉ፤ ቢነጠፍ ይሸታል፣ ከብትም ወድዶ አይበላውም፣ የማይረባ ነው። ይህንኑ ማታ ለተመራማሪዋ በስልክ ስነግራት መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ናሙናው ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ ትክክለኛው ቄጠማ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የላከችልኝን ወረቀት ሳነብ የአካባቢ መጠሪያው «የማይረባ» ተብሎ በንጹሕ ፊደል ሰፍሯል። እንዲታረም ልጽፍላት ብዬ ተውኩት። ሌላ ስም እንደሆነ የለውም።

ናሙናውን ለማድረቅ ወረቀት ስላልነበረኝ በራሴ በራሪ ጽሑፎች መሐል ነው ያጠፍኩት። «አረምን በጋራ እንከላከል» በሚለውና «ዛሬ ያልተነቀለ አረም» ብሎ በሚጀምረው መካከል ለሁለት ሳምንት ተጨፍልቆ ደረቀ።

ቢሮ ግን ነገሩ አላለቀም። የሩብ ዓመት ሪፖርት ስናዘጋጅ፣ በሕይወት እንዲቆይ ለተደረገ ሣር የሚሆን ሠንጠረዥ አልተገኘም። ያለን «የታረመ መሬት በሄክታር» እና «በወረዳው አዲስ የታየ አረም» ነው። ኃላፊያችን፣ ሥራሽ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ብለው አስበውልኝ፣ ሁለተኛው ላይ አስገቡት። ወሩ ሳያልቅ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ አዲስ የታየው አረም ሳይዛመት በአስቸኳይ የመከላከል ዕቅድ እንዲዘጋጅ ያዛል። ኃላፊያችን ወደሚመለከተው ባለሙያ መሩት። የሚመለከተው ባለሙያ እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ አረሙ አረም እንዳልሆነ፣ መከላከልም እንደማያስፈልገው ጻፍኩ። ደብዳቤዬ ወጪ ሆኖ ወደ ላይ ሄደ፤ ባለሙያ አስተያየት ይስጥበት ተብሎ ተመለሰልኝ። በደብዳቤው ጸሐፊ ሐሳብ እስማማለሁ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም።

ሰዓት ሠሪው ከወረቀቱ ላይ ስማቸው ቀርቷል። ለተመራማሪዋ ሁለት ጊዜ ጽፌላት ነበር፤ ቅጹ ላይ ያለው «ሰብሳቢ» እና «የለየው ተመራማሪ» ብቻ ነው፤ ሰዓት ሠሪ የሚገባበት ቦታ የለም አለችኝ። ለሰዓት ሠሪው ይህን ስነግራቸው፣ «ቁጥሩን በትክክል ጽፋለች?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ብላ ጽፋለች አልኳቸው። አልሀምዱሊላህ አሉና ወደ ባትሪያቸው ተመለሱ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከወጣ በኋላ አብረን ሄደን ነበር። ጎርፉ ከተራራው አሸዋ አምጥቶ የረግረጉን አንድ ጎን ሸፍኖታል፤ በሌላው ጎን ቄጠማው እስከ ጉልበት ቆሟል። ሴትየዋ በትርፍ ገመዳቸው ከበውታል፤ ማንም እንዲህ አድርጊ አላላቸውም። ለምን እንደከበቡት ስጠይቃቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ብርቅ ነው ሲባል ሰምተው እየመጡ እየነቀሉ ለመድኃኒት እንወስዳለን እያሉ ስላስቸገሯቸው ነው አሉ።

ሰዓት ሠሪው አንዷን እራስ ይዘው መነጽሩን ለሴትየዋ አቀበሏቸው። ሴትየዋ ዓይናቸው ላይ መሰካቱን አልቻሉበትም፤ በእጃቸው ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረዥም ጊዜ አዩ።

«ይኼን ለምታክል ነገር ነው ያን ሁሉ የተመላለሳችሁት?» አሉ።

ከዚያ መነጽሩን ከሣሩ ላይ አንሥተው ወደ ገዛ አውራ ጣታቸው አዞሩት። ከሰኞ ጀምሮ የግራር እሾኽ ገብቶባቸው መጎርጎር አቅቷቸው ነበር። ሰዓት ሠሪው ወረንጧቸውን አወጡና «አትነቃነቂ» አሏቸው። እሾኹ በአንዴ ወጣ። ሴትየዋ ጣታቸውን ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፣ ለመንገዳችን የማሽላ እሸት ሊሰጡን ወደ ማሳው ሄዱ።